የኤሊ ጥፍር ከመቁረጣችሁ በፊት

(በሀርጌሳ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



ከሀርጌሳ ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈር ወገናችን ሻንጣው ውስጥ ምን ምን እንደሚይዝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሽቶ፣ ቴምር፣ የልጆች ልብስ፣ ብርድ ልብስ። የእንስሳት ሐኪም መሆኔን የሰማ ሰው ግን አንዳንዴ ሌላ ጉዳይ ይዞ ይመጣል። «ዶክተር፣ ግቢያችን ውስጥ ያሳደግናት ኤሊ አለች። አገሬ ልገባ ስለሆነ ይዣት መሄድ ፈልጌያለሁ። ጥፍሯ ረዝሟልና ሣጥን ውስጥ እንዳትቧጥጥ ቆርጬላት ልሳፈር?» ይለኛል። እንዲህ ያለ ሰው የጠየቀኝ ሁለት ነገር ነው፦ ጥፍሯን ልቁረጥ? ይዣትስ ልሳፈር? ለሁለቱም መልሴ በአብዛኛው «ይቅርብህ» ነው። ዛሬ የማስረዳችሁም ምክንያቱን ነው።

አስቀድመን ስለ የትኛዋ ኤሊ እንደምንነጋገር እንግባባ። በሀርጌሳ ዙሪያ፣ ከጅግጅጋ ወዲያ፣ በድሬዳዋ ቆላና በስምጥ ሸለቆ የምናያት፣ ሶማሌዎቹ «ዲን» የሚሏት፣ ቢጫና ጥቁር ጠቃጠቆ ያለባት ትልቋ የየብስ ኤሊ ናት። ፈረንጆቹ በጠቃጠቆዋ የተነሣ በነብር ስም ይጠሯታል። ቶማስ ቤል የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1828 ሳይንሳዊ ስም ሰጣት። ከአፍሪካ ቀንድ እስከ ደቡብ አፍሪካ ትኖራለች። በአማካይ ርዝመቷ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 13 ኪሎ ገደማ ነው፤ በሰሜኑ ጫፍ፣ ማለትም በእኛው አካባቢ፣ የምታድገው ግን ትገዝፋለች፤ 20 ኪሎ ብትመዝን አይገርምም። ከእሷ የምትበልጥ ሌላ ዘመድም አለቻት፤ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሰሐራ ግርጌ የምትኖረዋ ባለ ሹል እግር ኤሊ። እሷ ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ኤሊዎች ቀጥላ በዓለም ሦስተኛዋ ግዙፍ ናት። ሁለቱም በየፊት እግራቸው አምስት፣ በየኋላ እግራቸው አራት ጥፍር አላቸው፤ በድምሩ አሥራ ስምንት።

አሁን አንዱን ጥፍር ቀረብ ብለን እንየው። ውጪው ኬራቲን ነው። የእኛ ጥፍርና ጠጉር፣ የበሬ ቀንድ፣ የኤሊዋ መንቁርና ቅርፊቷ ላይ ያሉት ገበታዎች ሁሉ የተሠሩት ከዚሁ ነው። ጥፍሩ ግን ውስጡ ባዶ አይደለም። ጎራዴ አፎቱ ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ የጣቷ የመጨረሻ አጥንት ጥፍሩ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ በአጥንቱም ዙሪያ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሕያው ሥጋ አለ። ጥፍሯ ነጣ ያለ ከሆነ ከኋላው የእጅ ባትሪ ብታበሩ ይህ ሥጋ እንደ ሮዝ ጥላ ይታያችኋል። ጥቁር ከሆነ ምንም አይታይም። የእኛዎቹ ኤሊዎች ጥፍር ብዙውን ጊዜ ጠቆር ያለ መሆኑ ነው ችግሩ፤ የሚቆርጠው ሰው ሥጋው የት እንደሚጀምር ሳያውቅ ይቆርጣል።

በዱር ያለችን ኤሊ ጥፍር የሚቆርጥላት ማንም የለም። ጠዋት ከቁጥቋጦ ወጥታ ሣር ስትግጥ፣ ድንጋይ ስትረግጥ፣ ሴቷ እንቁላል ለመጣል በኋላ እግሯ ደረቅ መሬት ስትቆፍር፣ ያ ሁሉ ኪሎ ጥፍሩ ላይ ያርፍና ምድሩ ይሞርደዋል። በበቀለ ቁጥር ያልቃል። ስለዚህ ጥፍሯ ተንዘላዝሎ የምታዩዋት ኤሊ የመቁረጫ እጥረት አላጋጠማትም፤ ወይ የምትኖርበት ወለል፣ ወይ የምትበላው ምግብ፣ ወይ ጤናዋ ተበላሽቷል። መቁረጫ ከማንሣታችሁ በፊት ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ፤ ያለዚያ ዛሬ የቆረጣችሁት ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ከወለሉ ልጀምር። እዚህ ከተማ ግቢዎቻችን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ ከአጥር እስከ አጥር አሸዋ ነው፤ ሌላው በሴራሚክ ተነጥፏል። አሸዋ ለመራመድ ይለሰልሳል፤ ጥፍር አይበላም። ሴራሚክ ደግሞ ያንሸራትታል። ኤሊዋ መቆንጠጫ ስለምታጣ እግሯን ወደ ጎን እየከፈተች ትንፏቀቃለች፤ ጥፍሯም በአንድ ጎኑ ብቻ እየተበላ ይጣመማል። መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም። ሻካራ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ወይም ያልተለሰነ የሲሚንቶ ንጣፍ ምግቧ በሚቀርብበት ቦታ ላይ አድርጉላት፤ በልታ ለመጥገብ ድንጋዩ ላይ መቆምና መዞር ይኖርባታል። ውኃዋን ደግሞ ከምግቧ አርቁት። በቀን ብዙ ጊዜ ከወዲህ ወዲያ ትመላለስ። የሀርጌሳ ሰው ግቢ ለመሥራት ያፈነቀለውን ድንጋይ በመኪና አስጭኖ ሲያስጥል አያለሁ፤ ከዚያ ሁለት ሦስቱን ብታስቀሩ ለኤሊዋ ይበቃ ነበር።

በቆላ ድንጋያማ ግቢ ነጻ የምትለቀቅ ኤሊ ጥፍሯ ረዝሞ አላይም ማለት ይቻላል። የሚመጡልኝ በረንዳ ላይ የሚውሉት ናቸው።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኤሊ ሣር በል ናት። በእኛ ግቢ ግን ከትሪ የተረፈ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦ፣ አንዳንዴም እንጀራ በወጥ ይጣልላታል። ትበላለች፤ መብላቷ ግን ይስማማታል ማለት አይደለም። ፕሮቲንና ስታርች የበዛበት ምግብ፣ ካልሲየም ያነሰበት ምግብ፣ አጥንቷን ያለሰልሳል፣ ቅርፊቷን ጉብታ ጉብታ ያደርገዋል፣ ጥፍሯንና መንቁሯን ያለቅጥ ያሳድጋል። መንቁሯ እንደ በቀቀን ታጥፎ፣ ጥፍሯም አብሮ ረዝሞ ካያችሁ ጉዳዩ ከጥፍር አልፏልና ጉበቷ መመርመር ያስፈልገው ይሆናል። የሚስማማት ደረቅና እርጥብ ሣር፣ ድርቆሽ፣ የቁልቋል በለስ ቅጠል እሾሁ ተነቅሎ፣ አረም ነው። የጸሐይ ብርሃንም ምግብ ነው፤ ያለ እሱ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ መሥራት፣ ካልሲየምም መጠቀም አይችልም። አውሮፓ ያለ ኤሊ አሳዳጊ ለዚህ ብሎ ልዩ መብራት በውድ ይገዛል። ሀርጌሳ ጸሐዩ በነጻ ነው፤ ጥላ ብቻ አትንፈጓት።

ኬራቲን ምግብን እንዴት እንደሚከተል ለማየት ጆናታንን ማንሣት ይበቃል። ጆናታን ናፖሊዮን ተግዞ በሞተበት በሴንት ሄለና ደሴት የሚኖር የሲሸልስ ግዙፍ ኤሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 አድጎ ጨርሶ ወደ ደሴቲቱ ስለመጣ በ1832 አካባቢ እንደተፈለፈለ ይገመታል፤ በ2022ም 190ኛ ልደቱ ተከብሮለታል። በሸመገለ ጊዜ ዓይኑ ጠፋ፣ መንቁሩም ደንዝዞ እየተፈረፈረ ሣር መንጨት አቃተው። የደሴቲቱ የእንስሳት ሐኪም መንቁሩን ሞርዶ ቅርጽ ከማስያዝ ይልቅ አትክልትና ፍራፍሬ በእጁ ያጎርሰው ጀመር። መንቁሩ ራሱ ዳግም ስለት አወጣ። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እንግዲህ ወለሉም ምግቡም ተስተካክሎ፣ ጥፍሩ ግን ቀድሞውኑ በጣም ረዝሞ ከሆነስ? በመጀመሪያ መርዘሙን አረጋግጡ። ጠፍጣፋ መሬት ላይ አቁማችሁ ከጎን ተመልከቱ። ጥፍሩ መሬት ነክቶ ጣቱን ወደ ላይ የሚገፋው ከሆነ፣ ወደ ጎን የሚጠማዘዝ ከሆነ፣ ወይም ኤሊዋ ስትራመድ እግሯ በትክክል የማያርፍ ከሆነ ረዝሟል። ረጅም ሆኖ ቀጥ ያለና ለመራመድ የማያስቸግራት ከሆነ ግን አትንኩት፤ በተለይ የሴቷን የኋላ ጥፍሮች። እንቁላል የምትቀብርበትን ጉድጓድ የምትምሰው በእነሱ ነው። በመስታወት ገንዳ የሚያድገው ቀይ ጆሮ የውኃ ኤሊ ቢኖራችሁ ደግሞ፣ ወንዱ የፊት ጥፍሮቹ ረጃጅም የሆኑት ሴቷን የሚያባብልባቸው ስለሆኑ ነው። እነሱን መቁረጥ ነውር ነው እላለሁ።

ካስፈለገ፣ የመጀመሪያውን ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ይቁረጥ፤ እናንተ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። ከዚያ በኋላ እቤት ልትሠሩት ትችላላችሁ። ለብ ባለ ውኃ፣ ከአገጯ በማያልፍ ጥልቀት፣ ሳፋ ውስጥ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ አቆዩአት። ጥፍሩ ይለሰልሳል፤ ጠጥታም ትረጋጋለች። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፉ። አንድ ሰው ቅርፊቷን ከግራና ከቀኝ በሁለት እጁ ይዞ በእግሯ ያቁማት። በጀርባዋ አትገልብጧት። ሳንባዋ ያለው ከላይኛው ቅርፊት ሥር ነው፤ ስትገለበጥ ሆድ ዕቃዋ ሁሉ ሳንባዋ ላይ ይጫናል። ሁለተኛው ሰው እግሯን ከቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀስ ብሎ ይያዝ። ሰብስባ ወደ ቅርፊቷ ካስገባችው አትጎትቱ፤ ይህች እንስሳ ጉልበቷ ከምታስቡት በላይ ነው፤ በትግሉ መሐል የሚጎዳው የእሷ መገጣጠሚያ ነው። ጠብቋት። ራሷ ታወጣዋለች።

መቁረጫው ስለታም ይሁን፤ የደነዘዘ ይጨፈልቀውና ይሰነጥቀዋል። ከጫፉ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቆርጣችሁ የተቆረጠውን ፊት ተመልከቱ። ደረቅና ዱቄት የመሰለ ከሆነ ገና ከሥጋው ሩቅ ናችሁ። መሐሉ ላይ ወዛም ጠቆር ያለ ነጥብ ከታየ አቁሙ፤ ቀጣዩ ደም ነው። እኔ ብጠየቅ መቁረጫውን ትቼ ሞረድ እመርጣለሁ፤ ደቃቅ ሞረድ ወይም እንጨት ላይ የተለጠፈ የብርጭቆ ወረቀት። ጊዜ ይፈጃል፣ ነገር ግን በአንድ ስሕተት ጣት አያደማም። ደግሞ አሥራ ስምንቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። ሁለት ሦስቱን ሠርታችሁ ልቀቋት። ብዙ የረዘመ ጥፍር ውስጡ ያለው ሥጋም አብሮ ረዝሟልና በየጥቂት ሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ካሳጠራችሁት ሥጋውም ወደ ኋላ ይሸሻል።

ደም ቢመጣስ? አትደንግጡ፤ እሷም አትሞትም። በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ተጭናችሁ ያዙት። ከፋርማሲ የተገዛ ደም ማቆሚያ ዱቄት ካለ እሱን፣ ከሌለ የበቆሎ ስታርች ጫፉ ላይ አድርጉ። እኛ ቤት የተለመደው የቡና ዱቄት ነው፤ ቡናውን ለጀበናው ተዉት፣ ቁስል ውስጥ ሲገባ ቆሻሻ ይዞ ነው። ነጭ ጋዝና ኖራም አታድርጉ። ደሙ ከቆመ በኋላ ያን ዕለት አሸዋ ላይ አትልቀቋት፣ አታርጥቧትም፤ ንጹሕ ወረቀት በተነጠፈበት ቦታ ትደር። ሩብ ሰዓት ተጭናችሁ ያላቆመ ደም፣ ከሥሩ የተነቀለ ጥፍር፣ ያበጠ ወይም የሚሸት ጣት የሐኪም ነው። ጥፍሩ ውስጥ አጥንት አለ ብያችኋለሁ፤ ቁስሉ ካመረቀዘ በሽታው አጥንት ይገባል።

አንድ ነገር ሳልረሳ፤ ልጆች የኤሊዋን ጥፍር ኩቴክስ ሲቀቡ ያየ ሰው ይሣቅ፣ ከዚያ ግን ያስቁም። ማስለቀቂያው አሴቶን ለእሷ መርዝ ነው።

ለልጆችም መርዝ የሚሆን ነገር ከእሷ በኩል አለ። ጤነኛ የምትመስል ኤሊ ሳልሞኔላ የተባለውን የተቅማጥ ተሕዋስ ልትይዝ ትችላለች። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከአራት ኢንች፣ ማለትም ከአሥር ሴንቲ ሜትር ያነሱ ኤሊዎች ሽያጭ የከለከሉት ልጆቻቸው በዚህ እየታመሙ ስላስቸገሩ ነበር። ጥፍሯን ያለሰለሳችሁበት ሳፋ የእሷ ብቻ ይሁን። ማዕድ ቤት ውስጥ አትጠቡት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባይነካት ይመረጣል።

አሁን ወደ አየር ማረፊያው።

የሀርጌሳን አየር ማረፊያ የማያውቅ እዚህ የለም። ስሙ እ.ኤ.አ. በ2002 ላረፉት የሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት ለሙሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል የተሰጠ ነው።  ከፍታው 1,350 ሜትር ገደማ ነው። ቦሌ ከ2,300 በላይ ነው። በረራው አጭር ቢሆንም ኤሊዋ የምታልፈው ወደ ሌላ አየር ንብረት ነው። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ይህች ዝርያ እንደ አንዳንድ የፈረንጅ አገር ኤሊዎች ብርዱን ተኝታ አታሳልፍም፤ ብርድና እርጥበት ሲደራረብባት ሳንባዋ ይታመማል። በክረምቱ ጭቃ ደግሞ ጥፍሯ ይለሰልሳል እንጂ አይሞረድም። እዚህ በድንጋይ የምትፈቱትን ችግር እዚያ ይዛችሁት ትገባላችሁ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሣጥኑ አለ። በኤሊ ጥፍር ላይ ከሚደርሱ ጉዳቶች ክፉዎቹ የሚመጡት ከመቁረጫ ሳይሆን ከመጓጓዣ ነው። ካርቶን ውስጥ ተጨምራ በገመድ የታሰረች ኤሊ ማዕዘኑን በፊት እግሮቿ ለሰዓታት ትቧጥጣለች፤ ቀዳዳው ውስጥ ወይም የሽቦው ወንፊት ውስጥ ጥፍሯ ይሰካና ሰውነቷን ስታዞር ይነቀላል። ጥፍሯን አስቀድማችሁ ብትቆርጡላት አትድንም፤ እንዲያውም አዲስ የተቆረጠው ጫፍ ይደማል። አየር መንገዶች የሚሠሩበት የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የሕያዋን እንስሳት ደንብ ሣጥኑ ምን እንደሚመስል ጽፎታል። በሐኪም ዓይን ልጨምርበት፦ ግድግዳው ለስላሳ ኮምፔርሳቶ ይሁን፣ የአየር ቀዳዳው ከውስጥ ወደ ውጪ ይበሳ፣ አለበለዚያ ስንጥሩ ወደ እሷ ይዞራል፤ ወለሉ የማያንሸራትት ይሁን፤ ስፋቱ መቆም እንጂ መገለባበጥ አያስችላት። ሽቦ ጭራሽ አይግባ። ደግሞ ስትደነግጥ ፊኛዋ ውስጥ ያጠራቀመችውን ውኃ ትለቃለች። በእኛ ቆላ ያ ውኃ ለድርቁ ወራት የያዘችው ስንቅ ነው፤ ስለዚህ ከጉዞ በኋላ በመጀመሪያ ውኃ ስጧት።

ይህን ሁሉ ብታሟሉም ግን ሕጉ ይጠብቃችኋል። የየብስ ኤሊ ቤተሰብ፣ ይበልጥ ጥብቅ ከሆኑት ጥቂት ዝርያዎች በቀር፣ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ሁለተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ በአገር ውስጥም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ። ሶማሌላንድም ከ2015 ጀምሮ የደንና የዱር እንስሳት ሕግ አላት፤ የአቦሸማኔ ግልገል ሲያዘዋውሩ የተያዙ ሰዎች በ2018 እስራት ተፈርዶባቸዋል። «ኤሊ እንደ አቦሸማኔ አይደለችም» የሚል ይኖራል። በፍተሻው ጠረጴዛ ላይ ግን ሁለቱም የዱር እንስሳት ናቸው።

ሕጉ ወረቀት ብቻ የሚመስለው ካለ መዥገሯን ይመልከት። ጥፍሯን ስትመረምሩ በእግሯ ሥርና በአንገቷ እጥፋት ውስጥ የተጣበቀ መዥገር ታገኙ ይሆናል። ከአፍሪካ ፍሎሪዳ በገቡ ኤሊዎች ላይ ከብትን፣ በግንና ፍየልን የሚገድለውን፣ በልብ ዙሪያ ውኃ የሚቋጥረውን በሽታ የተሸከሙ መዥገሮች ተገኝተዋል። በዚህ የተነሣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 የእኛዋን ጠቃጠቆ ኤሊ፣ ባለ ሹል እግሯንና ሌላ አንድ አፍሪካዊ ዝርያ እንዳይገቡ ከለከለች። በርበራ ወደብ ላይ ስንት ሺህ በግና ፍየል እንደሚጫን የሚያውቅ የዚህ ከተማ ሰው፣ አንዲት መዥገር ምን ልታመጣ እንደምትችል አይጠፋውም።

አገር ስትገቡ ኤሊዋ ምን ትሁን? ወደ ዱር አትልቀቋት። ለዓመታት ከሰው ጋር የኖረች ኤሊ በሽታ ይዛ ዱር ላሉት ልታዛምት ትችላለች፤ አገሩንም አታውቀውም። እዚሁ ግቢ ውስጥ ከሚቀረው ጎረቤት ጋር ተስማምታችሁ ተዉአት፤ ድንጋዩንና ድርቆሹን አሳዩት፣ ፍርፋሪ እንዳይጥልላት አስጠንቅቁት። የሚረከብ ከጠፋ ለሶማሌላንድ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር አሳውቁ። የግድ ኢትዮጵያ ትግባ የሚል ሰው ካለ ደግሞ የሚጠይቀው አዲስ አበባ ያለውን የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ነው፤ የሚጠይቀውም ትኬት ከመቁረጡ በፊት ነው።